ኩረጃ ተብላችሁ ስትከሰሱ፦ ማመን፣ መከራከር ወይስ ሽማግሌ መላክ?

ባለፈው ሳምንት ሱቁን ልዘጋ ስል አንድ ልጅ አራት ገጽ በእጁ የጻፈውን ወረቀት ይዞ ገባ። የደላንታ ልጅ ነው፣ ሦስተኛ ዓመት። "ወንድምዬ፣ ይቺን በኮምፒውተር ጻፍልኝ፤ ነገ ጠዋት ዲፓርትመንት አስገባታለሁ" አለኝ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሦስቱ ገጽ ስለ መምህሩ ነው። ዘግይቶ ይገባል፣ ይሳደባል፣ ከእነ እገሌ ጋር ይቀራረባል። አራተኛው ገጽ ስለ ቤተሰቡ ችግር ነው። የተከሰሰበት ነገር፣ ማለትም ሚድ ፈተና ላይ ስልክ ኪሱ ውስጥ መገኘቱ፣ የተጠቀሰው በሁለት መስመር ነው። ለዚያውም መጨረሻ ላይ።

እዚህ ደሴ፣ ግቢ በር አካባቢ፣ ፎቶኮፒና ጽሕፈት ነው የምሠራው። ተማሪ እያለሁ ደግሞ ሁለት ዓመት ያህል የተማሪዎች ኅብረትን ወክዬ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ያኔ ደብዳቤዎቹን አነብ ነበር፤ አሁን እተይባቸዋለሁ። በሁለቱም ቦታ ያየሁት አንድ ነው። ብዙ ልጅ ከጥፋቱ በላይ የሚጎዳው ከተከሰሰ በኋላ በመረጠው መንገድ ነው። ያልሠራውን አምኖ የሚቀጣ አለ። ትንሽ አጥፍቶ ሁሉንም ክዶ፣ ዋሾ ተብሎ የሚወጣም አለ። ይህ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ከፊታችሁ ያሉትን መንገዶች ላወዳድርላችሁ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሁኑ መቅደላ አምባ፣ ምርጫዎቹ ያው ናቸው። የሚለያየው የሴኔት ሌጂስሌሽኑ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ የቅጣቱ ዓይነት፣ የይግባኙ ቀን፣ ኮሚቴው ስንት ሰው እንደሆነ እዚያ ላይ ተጽፏል። የግቢያችሁን ከዲፓርትመንት ወይም ከኅብረቱ ቢሮ ጠይቁና ስለ ፈተናና ስለ ዲሲፕሊን የሚለውን ክፍል ብቻ ፎቶ አንሱ። መቶ ምናምን ገጽ ማንበብ አይጠበቅባችሁም።

መጀመሪያ የቱ ጋ እንዳላችሁ እወቁ

በተከሰሳችሁበት ምሽት ምንም አታድርጉ። ለመምህሩ ቴሌግራም አትጻፉ። በተለይ ደግሞ ምንም ነገር አታጥፉ። ደንግጦ የክፍሉን ግሩፕ የሚያጠፋ፣ ፋይሉን የሚሰርዝ ብዙ ነው። በኋላ ንጹሕ መሆኑን የሚያሳይለት እሱው ነበር።

ከዚያ ወረቀት አውጡና የሆነውን በሰዓት በሰዓት ጻፉ። ለማንም አይደለም፣ ለራሳችሁ ነው። የት ተቀመጣችሁ፣ ፈታኙ ምን አለ፣ ማን ነበር አጠገባችሁ፣ ወረቀቱን ስንት ሰዓት ተቀበላችሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮሚቴ ፊት ስትቀርቡ ይህ ሁሉ ይደበላለቅባችኋል።

ስትጽፉ ከሦስት ቦታ አንዱ ላይ ራሳችሁን ታገኛላችሁ። የተባለውን አድርጋችኋል። ወይም ጭራሽ አላደረጋችሁም። ወይም ደግሞ አንድ ነገር አድርጋችኋል፣ ግን የተባለውን ያህል አይደለም። እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ ሦስተኛው ላይ ናቸው። ስልክ ይዞ ገብቷል፣ ግን አላየበትም። አንቀጽ ወስዳለች፣ ግን ምንጭ መጥቀስ እንዳለባት በደንብ አታውቅም ነበር። አሳይመንቱን ለጓደኛው ሰጥቷል፣ ግን እንደ ወረደ ይገለብጠዋል ብሎ አላሰበም። የሚያሳዝነው፣ እነዚህ ልጆች ሁለት መንገድ ብቻ ያለ ይመስላቸዋል፤ ወይ ሙሉ በሙሉ ማመን ወይ ሽምጥጥ አድርጎ መካድ።

ማመን፣ መካድ፣ ወይስ ለይቶ መናገር?

ሙሉ በሙሉ ማመን የሚያዋጣው ነገሩ ግልጽ ሲሆን ነው። አጤሬራው ከመልስ ወረቀታችሁ ጋር ተያይዟል፣ ሁለት ፈታኝ ፈርሞበታል፣ የእጅ ጽሑፉም የእናንተ ነው። እዚህ ላይ መከራከር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ኮሚቴ ውስጥ ስንቀመጥ የምናየው ነገር ነበረን፤ የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው ወይ፣ ራሱ ተናግሯል ወይ፣ የደበቀው ነገር አለ ወይ። በግልጽ ያመነ ልጅ ኤፉን ይዞ ከግቢው የመቆየት ዕድሉ ሰፊ ነው። ጉዳቱ ግን አንድ ጊዜ ካመናችሁ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ስትፈሩ ሳይሆን እውነት ሲሆን ብቻ እመኑ። "እመንና ይቀልልሃል" የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም፤ ለእሱ ይቀለዋል፣ ትራንስክሪፕቱ ግን የእናንተ ነው።

መከራከር የሚያዋጣው ደግሞ በእርግጥ ካላደረጋችሁት ነው። ይህን ስትመርጡ የምታሳዩት ነገር ይኑራችሁ። "አላደረግሁም" ብቻውን ደካማ ነው። "ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ የተፈተነው ኮድ ቢ ነው፣ የእኔ ኮድ ኤ ነው፤ መልሳችን ቢተያይ አይገጥምም" ግን ጠንካራ ነው። ኮሚቴው ሊያጣራው የሚችል ነገር ስጡት።

ሦስተኛው ለይቶ መናገር ነው። ብትጠይቁኝ ከሁሉ የምመርጠው ይሄንን ነው፤ ያደረጋችሁትን በግልጽ ማመን፣ ያላደረጋችሁትን በግልጽ አለመቀበል። ከባድ የሚያደርገው አጻጻፉ ነው። ለደላንታው ልጅ አራቱን ገጽ ወደ ግማሽ ገጽ ስንቀይረው እንዲህ ሆነ፦

"በፈተናው ሰዓት ስልኬ ቀኝ ኪሴ ውስጥ ነበር። ስንገባ ፊት ለፊት እንድናስቀምጥ ተነግሮናል፤ አላስቀመጥኩም። ይህ ጥፋቴ ነው። ስልኩ ጠፍቶ ነበር፤ ፈታኙ ሲቀበሉኝ ራሳቸው ናቸው ያበሩት። ከስልኩ ምንም አልገለበጥኩም። ፈታኙ ስልኩ ጠፍቶ እንደነበር እንዲጠየቁልኝ፣ የመልስ ወረቀቴም እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ።"

በቃ። ስለ መምህሩ መሳደብ አንድ ቃል የለም። መምህሩ በእርግጥ የሚሳደብ ከሆነ ያ ራሱን የቻለ አቤቱታ ነው፣ ሌላ ቀን በሌላ ወረቀት ይቀርባል። እዚህ ላይ ካስገባችሁት ኮሚቴው የሚያየው የተናደደ ልጅ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም ልጆች በየጊዜው የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው። እኛ ማመልከቻ ስንጽፍ ልማዳችን ትሕትና ነው። "በታላቅ ትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ"፣ "ሁለተኛ አይለመደኝም"፣ "ለዚህ አንድ ጊዜ ማሩኝ"። ጨዋነት ነው፣ ያደግንበት ነው። ግን "አላደረግሁም" ብላችሁ በጻፋችሁበት ወረቀት መጨረሻ ላይ "ሁለተኛ አይለመደኝም" ካላችሁ አምናችኋል ማለት ነው። ኮሚቴ ውስጥ እያለሁ በዚህች አንዲት መስመር የተነሳ "አምኖ የለ እንዴ" ተብሎ የታለፈ ጉዳይ አይቻለሁ። ይቅርታ የምትጠይቁት ላመናችሁት ነገር ብቻ ይሁን። ላላደረጋችሁት ነገር የሚጻፈው "ጉዳዩ እንዲጣራልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ" ነው።

ፊርማም እንደዚሁ ነው። ፈታኙ ፎርም አምጥቶ "ፈርም" ሲላችሁ አንብቡት። "ደርሶኛል" እና "አምኛለሁ" አንድ አይደሉም። የማትስማሙበት ከሆነ ከፊርማችሁ አጠገብ "በተጻፈው አልስማማም" ብላችሁ ጻፉ። ማንም አይከለክላችሁም።

በቃል ወይስ በጽሑፍ?

መምህሩ ጋ ቢሮ ሄዶ ማነጋገር ጥሩ የሚሆነው ነገሩ ገና እሱ እጅ እያለ ነው። በተለይ የአሳይመንት ጉዳይ ሲሆን። ከሪፖርቱ በፊት "መምህር፣ ይህን ክፍል ከየት እንዳመጣሁት ላሳይዎት" ብሎ ደብተሩን ይዞ የገባ ልጅ ስንት ጊዜ ነገሩ እዚያው አልቆለታል። ብዙ መምህር ልጅ ማስቀጣት አይወድም። ጉዳዩ ወደ ዲፓርትመንት ከተመራ በኋላ ግን መምህሩ ጋ መመላለስ ትርፉ ጭቅጭቅ ነው። እሱም ቢፈልግ መመለስ አይችልም፤ እናንተም የተናገራችሁት ነገር በሌላ ሰው አፍ ተለውጦ ይመጣባችኋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በጽሑፍ ይሁን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ። ሁለት ኮፒ አሳትሙ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ፣ ቀሪው ላይ ቀንና ማኅተም አስመቱና ያዙ። ይህች ቀሪ ወረቀት ቀላል ነገር ትመስላለች፣ ግን "በጊዜው አላስገባህም" የተባለ ልጅ ከዚህ ሌላ መከላከያ የለውም።

አንድ ሌላ ልዩነት ልንገራችሁ። ማንም ሳይከሳችሁ፣ ማንም ሳይጠራችሁ ውጤት ሲለጠፍ ኤፍ ወይም ኤንጂ (ውጤት አልተሰጠም ማለት ነው) ካያችሁ፣ ያ በመጀመሪያ የግሬድ ኮምፕሌይን፣ ማለትም የውጤት ቅሬታ ነው። ወረቀቴ ይታይልኝ ብላችሁ በኮምፕሌይን ቀኑ ውስጥ አስገቡ። "ኮርጀህ ስለሆነ ነው" ከተባላችሁ ብቻ ነው የዲሲፕሊን ጉዳይ የሚሆነው፤ ያኔም ክሱ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ማንም ሳይከሳችሁ ራሳችሁን መከላከል አትጀምሩ።

ሽማግሌ መላክ

ወደኛ አገር ነገር ልምጣ። ወሎ ውስጥ ነገር በሽማግሌ ያልቃል። ሰው ተገድሎ እንኳ ሼህና ቄስ አብረው ገብተው ደም ያደርቃሉ። ስለዚህ ልጁ ከግቢ ሊባረር ነው ሲባል አባት መጀመሪያ የሚያስበው ይሄንን ነው። ከተንታ፣ ከወረኢሉ፣ ከቦረና ድረስ አጎቱን አስከትሎ፣ መምህሩን የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ይመጣል። ሱቄ በር ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ቆመው አይቻቸዋለሁ። ሆዴ ይላወሳል።

ሽምግልና የሚጠቅምበት ቦታ አለ። ከመምህሩ ጋር ተሰዳድባችሁ ከሆነ፣ ወረቀት ሲቀበላችሁ ገፍትራችሁት ከሆነ፣ በንዴት ግሩፕ ላይ ስሙን አንስታችሁ ከሆነ፣ ያን መጠጋገን የሚችለው ሽማግሌ ነው። ያ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ቅያሜ ነው። ቅያሜውን ማብረድ ደግሞ ለዋናውም ጉዳይ ይረዳል።

የክሱን ፍሬ ነገር ግን ሽማግሌ አይጨርሰውም። አንደኛ፣ ሪፖርቱ ከገባ ጉዳዩ የመምህሩ አይደለም፣ የግቢው ነው። ሁለተኛው ይብሳል፤ ሽማግሌ መላክ በራሱ ማመን ነው። በባህላችን ሽማግሌ የሚልከው የበደለ ነው። ያልኮረጀ ልጅ አባቱ መምህሩ ቤት ገብቶ "ልጄ አጥፍቷል፣ ለእኔ ብለህ" ሲል፣ ልጁ በጽሑፍ "አላደረግሁም" ያለው እንዲያው ውኃ በላው። አባትየው በቅንነት ነው ያደረጉት። ልጁ ግን ኮሚቴ ፊት "አባትህ እንኳ አምነዋል" ተባለ። ይህንን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሽማግሌ ከላካችሁ ምን እንደሚሉ አብራችሁ ተስማሙ። "ልጁ ስለተናገረው ክፉ ቃል ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ስለ ፈተናው ኮሚቴው ያጣራ።" ከዚህ በላይ አንድ ቃል አይጨምሩ። ኮሚቴ አባላት ቤት ደግሞ ማንንም አትላኩ። እነሱን ያስከፋል፣ እናንተንም ያስጠረጥራል።

ገንዘብ ተቀብሎ "እኔ እጨርስልሃለሁ" የሚል ሰው ካገኛችሁ ከዚህ ጋር አታወዳድሩት። እሱ ምርጫ አይደለም። ኤፍ የነበረው ጉዳይ ጉቦ ይሆንና ፖሊስ ጋ ይደርሳል፣ ገንዘቡም የአባታችሁ በሬ ነው።

ፕሌጀሪዝምና "ይህን ቻትጂፒቲ ነው የጻፈው" ሲባል

አሁን አሁን ሱቄ ከሚመጣው ውስጥ ብዙው ይሄ ነው፣ በተለይ ጂሲዎች (ተመራቂዎች) ሲኒየር ኤሴይ፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሲያስገቡ። ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። ጽሑፋችሁ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ጋር ስንት ከመቶ እንደሚመሳሰል የሚያሳየው የመመሳሰል ሪፖርት አንድ ነው፣ እንደ ቻትጂፒቲ ባለ ማሽን ተጽፏል የሚለው የኤአይ ሪፖርት ሌላ ነው።

የመመሳሰል ሪፖርቱ ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይደለም። አንዲት ልጅ 41 ከመቶ ተብላ እያለቀሰች መጣች። ሪፖርቱን አብረን ከፈትነው። የሽፋን ገጹ፣ የማጣቀሻ ዝርዝሩ፣ መጠይቁ፣ እና "በዚህ ጥናት ጥቅም ላይ የዋለው ዘዴ" የሚሉት ሁሉም ተማሪ የሚጽፋቸው ዓረፍተ ነገሮች ቀለም ተቀብተዋል። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ግን አንድ ሙሉ ገጽ ከአንድ ቦታ የተወሰደ አለ፣ ምንጩም አልተጠቀሰም። ምን መረጥን? ቁጥሩን ከመጨቃጨቅ ይልቅ ለየነው። "ማጣቀሻውና ጥቅሶቹ ተቀንሰው እንደገና ይታይልኝ። ገጽ 14 ላይ ያለው ጥፋቴ ነው፣ አስተካክዬ ላቅርብ።" ሪፖርቱን የሚያወጣው ፕሮግራም ማጣቀሻንና በትእምርተ ጥቅስ ያለን ጽሑፍ ቀንሶ የሚያሳይበት ምርጫ አለው፤ ብዙ ሰው አይነካውም።

ሌላም ወጥመድ አለ። ቴሌግራም ላይ በክፍያ "ቼክ አደርግልሃለሁ" ለሚል ሰው ጽሑፋችሁን ስትሰጡ፣ ሰውየው ማከማቻው ውስጥ እንዲቀመጥ አድርጎ ካስገባው፣ በኋላ አድቫይዘራችሁ (አማካሪ መምህራችሁ) ሲያስገባው ከራሳችሁ ጽሑፍ ጋር መቶ ከመቶ ይመሳሰላል። እንዲህ ከሆነባችሁ ሳትፈሩ ንገሩ፣ ለሰውየው የላካችሁበትን መልእክት ቀኑ እየታየ አሳዩ።

የኤአይ ክሱ ከዚህ ይለያል። እዚህ ማንም "ከዚህ ቦታ ወሰድክ" ብሎ የሚያሳያችሁ ነገር የለም፤ ማሽን ገምቶ ነው። ግምቱ ደግሞ እንደኛ ባለው ሰው ላይ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መመርመሪያዎችን በ91 የቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ድርሰቶች ፈትነው ነበር። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ራሳቸው የጻፏቸውን፣ መመርመሪያዎቹ በአማካይ ከ61 ከመቶ በላይ የሚሆኑትን "ኤአይ ነው" አሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቋንቋውን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ቀላልና የተለመደ ቃል ይመርጣል፣ ማሽኑም እሱን ነው የሚጠረጥረው። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ያወጣውን መመርመሪያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ በሐምሌ አንስቶታል። አሜሪካ ያለው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲም በነሐሴ ተርኒቲን የተባለውን የመመሳሰል መፈተሻ ፕሮግራም የኤአይ መመርመሪያ መጠቀም አቁሟል።

ይህን ይዛችሁ ሦስት መንገድ አላችሁ። አንዱ "መመርመሪያው አይታመንም" ብሎ መከራከር ነው። እውነት ነው፣ ግን ብቻውን ሰው አያሳምንም፤ የኮረጀም ይህንኑ ይላል። ሁለተኛው እንዴት እንደጻፋችሁት ማሳየት ነው። ጎግል ዶክስ ላይ ከጻፋችሁ የአርትዖት ታሪኩ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ አለ። ዎርድ ላይ ከሆነ ፋይሉ መቼ እንደተፈጠረና ስንት ደቂቃ እንደተሠራበት የመረጃ ገጹ ላይ ይታያል፤ ግን ወደ አዲስ ፋይል ከገለበጣችሁት ይህ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል፣ ስለዚህ የድሮውን ፋይል አትጣሉ። አድቫይዘራችሁ በእስክሪብቶ ያረሙት ምዕራፍ፣ ቃሉ ወይም ተሁለደሬ ወርዳችሁ ያስሞላችሁት መጠይቅ፣ የተሰረዘ የተደለዘ ደብተር፣ ሁሉም ማስረጃ ነው። ሦስተኛው "በቃል ጠይቁኝ" ማለት ነው።

ለንጹሕ ልጅ ሦስተኛው ይበልጣል ባይ ነኝ። ማንም የራሱን ሥራ በራሱ አፍ ሲያስረዳ ይታወቃል። እንግሊዝኛው ቢሰባበርም ግድ የለም። አንድ ልጅ ኮምቦልቻ ካለ ፋብሪካ ያመጣውን ዳታ በቃል ሲያስረዳ፣ የትኛው ማሽን በየትኛው ፈረቃ እንደሚቆም ሳይቀር ሲናገር፣ ጠያቂዎቹ ከአስር ደቂቃ በኋላ የክሱን ወረቀት አጥፈው አስቀመጡት። ደብዳቤያችሁ ላይ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አድርጉ፤ የስታንፎርዱን ነገር በአንድ መስመር ጣል አድርጉት።

እንግሊዝኛውን ብቻ በቻትጂፒቲ አሳርማችሁ ከሆነስ? ተናገሩ። ሐሳቡን በአማርኛ ጻፍኩት፣ እንዲህ ብዬ አስተረጎምኩት፣ የትኛው ምዕራፍ ነው። ግቢያችሁ ይህን ይከለክል እንደሆነ ይጠየቅበታል። ቢከለክልም እንኳ "አንዲት ቃል አልነካሁም" ብሎ ከመያዝ በብዙ ይሻላል።

ጓደኛችሁም አብሮ ከተከሰሰ

ይህን የምጽፈው ስላለፍኩበት ነው። ሁለተኛ ዓመት ሆኜ የላብ ሪፖርቴን ለዶርም ጓደኛዬ ሰጠሁት። "ፎርማቱን ብቻ ልይ" ብሎ ነው። ቁጥሮቹን ሳይቀር ገለበጠው። ሁለታችንም ተጠራን። ወዳጄን አሳልፌ አልሰጥም ብዬ ዝም አልኩ፤ እሱም ፈርቶ ዝም አለ። ሁለታችንም ዜሮ ተሰጠን። ማን ከማን እንደወሰደ ማንም አላወቀም። እኔ የቀጣኝን መምህር አልወቅስም፣ ሌላ የሚፈርድበት ነገር አልነበረውም።

ምርጫው አንድ ዓይነት ደብዳቤ አብሮ መጻፍ ወይስ ለየብቻ ነው። ለየብቻ ጻፉ። ተስማምታችሁ የጻፋችሁት ደብዳቤ ራሱ ሌላ ኩረጃ ይመስላል፤ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሁለት ወረቀት ላይ ሲገኝ ኮሚቴው ሁለቱንም አያምንም። ስለ ራሳችሁ ብቻ ተናገሩ። "ሪፖርቴን ሰጥቼዋለሁ፣ እንዲገለብጠው ግን አልተስማማሁም" ማለት ጓደኛን መክዳት አይደለም። ከመጻፋችሁ በፊት ደግሞ ፊት ለፊት ንገሩት፤ "እኔ የማውቀውን እጽፋለሁ፣ አንተም የምታውቀውን ጻፍ።" እኔና ያ ልጅ ይህን ተነጋግረን ቢሆን ኖሮ እስከ ምረቃ ባልተኳረፍን።

ከውሳኔው በኋላ

ውሳኔ በጽሑፍ ተቀበሉ። ምክንያቱ ተጽፎ ይሰጣችሁ።

መቀበልና ይግባኝ ማለትን ስታወዳድሩ "ቅጣቱ ከበደኝ" ብቻ አይበቃም። ይግባኝ የሚያስኬደው፣ ቃላችሁ ሳይሰማ ከተወሰነባችሁ፣ ያቀረባችሁት ማስረጃ ጭራሽ ካልታየ፣ ወይም ሌጂስሌሽኑ ለዚያ ጥፋት ከሚለው በላይ ከተቀጣችሁ ነው። ከእነዚህ አንዱ ካለ በቀኑ ውስጥ አስገቡ። ኤፍ ብቻ ከሆነ፣ አድርጋችሁትም ከሆነ፣ ኮርሱን ደግማችሁ መውሰድ ከአንድ ሴሚስተር ክርክር ይቀላል። ተመራቂ ከሆናችሁ ግን ቀኑን ተመልከቱ፤ ከ2015 ጀምሮ ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) ግዴታ ነው፣ ማለፊያውም 50 ከመቶ። ኮርስ ያልጨረሰ ሰው ተራው ያልፈዋል። እዚህ ላይ የይግባኙ ፍጥነት ከምንም በላይ ዋጋ አለው።

ዊዝድሮው (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ ፎርም) ሞልቶ መሄድ እንደ ማምለጫ ይታያል። አይደለም። ቤታችሁ ብትገቡም ክሱ ፋይላችሁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል፤ ሪአድሚሽን፣ ማለትም ተመልሳችሁ ለመማር ስትጠይቁ ይነሳል። ታማችሁ ወይም ጭንቀቱ ከአቅም በላይ ሆኖባችሁ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔም መልሳችሁን አስገብታችሁ ውጡ።

ግቢ ውስጥ ያለው ሁሉ ካለቀ ከውጭ ሁለት በር አለ። የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደልን ያያል፣ ክፍያ የለውም፤ ግን ውሳኔ የሚሽር ፍርድ ቤት አይደለም፣ የሚሰጠው የመፍትሔ ሐሳብ ነው። ሁለተኛው ጠበቃ ይዞ ፍርድ ቤት መሄድ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ይህን መብት ለማንም ሰው ይሰጣል። ጠበቃ ስታናግሩ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ን እና የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን አንሱለት። ገንዘብና ጊዜ ይበላል። ለአንድ ኤፍ አልመክረውም። ሙሉ በሙሉ ለተባረረና በእጁ ማስረጃ ላለው ልጅ ግን አዎ፣ ይሂድ።

ለቤት መናገርን በተመለከተ፣ ቀድማችሁ ንገሩ። ከሌላ ሰው የሰማ አባት ነው ሽማግሌ ይዞ የሚመጣው። ከእናንተ የሰማ ምን ላድርግ ብሎ ይጠይቃል።

የደላንታው ልጅ ትናንት ተመልሶ መጣ። ኮሚቴው ሰምቶታል፣ ውሳኔው ገና አልወጣም። ማኅተም የተመታባትን ቀሪ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዟታል። ስልኬን ተውሶ አባቱ ጋ ደወለ፣ እስካሁን አልነገራቸውም ነበር። ከወዲያ ለረዥም ጊዜ ድምፅ አልነበረም። ከዚያ "አብሽር" አሉት፤ "እስቲ የጻፍከውን አንብብልኝ።" ልጁ ላስቲኩን ፈታ፣ ባንኮኒው ላይ ዘረጋና ከላይ ጀምሮ አነበበላቸው።